መሮውን የረሳ ሙገሳ፦ የሲየና ካቴድራል ወለል

የሲየና ካቴድራል ወለል ከጆርጂዮ ቫዛሪ ዘመን ጀምሮ ሲወደስ ኖሯል፤ የሚወደሰው ግን በደካማ ጎኑ ነው። ጎብኚን የሚመሩ መጻሕፍትም ሆኑ የሥነ ጥበብ ታሪክ ድርሳናት ድንጋይ ላይ እንደ ሰፈረ የሠዓሊ ሥራ ያዩታል። ይህ አስተያየት ክብር ለመስጠት ታስቦ ቢሰነዘርም፣ ወለሉን ከድንጋይ ጠራቢዎች ነጥቆ ለሠዓሊዎች ያስረክባል። 

ስሕተቱ የቆየ ነው። ቫዛሪ ራሱ የሠዓሊያንን ገድል በጻፈበት መጽሐፉ የዕብነ በረድ ወለል ሥዕልን የፈለሰፈው ሠዓሊው ዱቾ ነው ብሏል። ዱቾ ግን የሞተው በ1319 ገደማ ሲሆን (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለዚህ ወለል የሚናገሩት የመጀመሪያዎቹ ሰነዶች ከ1369 ወዲህ የመጡ ናቸው። ለስሕተቱ ምክንያቱ የመረጃ እጥረት ብቻ አይመስለኝም። ትልቅ ሥራ ሁሉ ከበስተኋላው ትልቅ ሠዓሊ ሊኖረው ግድ ነው የሚል እምነትም አለበት። ኀምሳ ስድስት ክፍሎች ያሉትና አርባ ያህል ንድፍ አውጪዎች የተፈራረቁበት ወለል እንዲህ ላለው እምነት አይመችም።

በቀደመው ዘዴ ነጭ የዕብነ በረድ ጠፍጣፋ ይዘጋጃል፤ ንድፉ ይገለበጥበታል፤ ጠራቢው መስመሩን ተከትሎ በመሮና በመሰርሰሪያ ይቦረቡራል፤ የተቦረቦረው ቦይ በጥቁር ዝፍት ይሞላል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን ከብሩሽ ሥራ በእጅጉ ይለያል። ብሩሽ ሊሳሳም ሊወፍርም፣ ሊደበዝዝም ይችላል። የዝፍት መስመር ግን ወይ አለ ወይ የለም። ጥላ የሚያስፈልግ ከሆነ ጠራቢው ጎን ለጎን ደጋግሞ መቦርቦር አለበት፤ ግራጫ የሚመስለን ሁሉ የተቀራረበ ጥቁርና ነጭ ነው። የተሳሳተ መስመር አይፋቅም። እያንዳንዱ መስመር ጉልበት ስለሚያስከፍልም፣ ወረቀት ላይ ሠዓሊ እጁን ሲያፍታታ የሚያሰፍራቸው ትርፍ ጭረቶች እዚህ ቦታ የላቸውም።

የዚህን ዘዴ አቅም ለማየት የማቴዮ ዲ ጆቫኒን የሕፃናት እልቂት (1481) ማየት ይበቃል። ማቴዮ ይህንኑ ታሪክ በ1482 ለሳንታጎስቲኖ ቤተ ክርስቲያን በቀለም ሥሎታል። በቀለም ሥራው ዐይናችን ከአልባሳቱ ድምቀትና ከፊቶቹ ላይ ያርፋል፤ እልቂቱ እየተካሄደም ማረፊያ ይሰጠናል። ወለሉ ላይ ማረፊያ የለም። የእናት ክንድ፣ የሕፃን እግር፣ የወታደር ጩቤ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥቁር መስመር ተበጅተዋል። የማን እጅ የማንን እንደሚይዝ ለመለየት ምስሉ ላይ አቀርቅሮ መቆየት ግድ ይላል፤ በቆየን መጠንም ይከፋል። ከሁለቱ ታላቁ ሥራ የወለሉ ነው ብዬ አምናለሁ።

አልቤርቶ አሪንጊየሪ የካቴድራሉን ሥራ በኃላፊነት ሲመራ፣ በ1482 እና በ1483፣ የተሠሩት ዐሥሩ ሲቢሎች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። የእነዚህ ሴት ነቢያት ነጭ አካል ጥቁር ድንጋይ ላይ ተገጥሟል። የጉዊዶቾ ኮዛሬሊ የሊቢያ ሲቢል ግን ፊቷ ጠይም ነው፤ ጠይምነቱም ቀለም አይደለም፣ የተመረጠ ድንጋይ ነው። በዚህች ሴት ፊት ላይ ድንጋዩ ሌላ ነገር ሊመስል አይሞክርም። ቀለሙ መልኳ ነው፤ ያ መልክ በእግር ብዛት ሊሳሳ ቢችልም ሊለቅ አይችልም።

ፒንቱሪኪዮ በ1505 የነደፈው የጥበብ ኮረብታም ሲነሣ ስሙ የሚጠራው ንድፍ አውጪው ብቻ ነው። አንድ እግሯን ሉል ላይ፣ ሌላውን ምሰሶው በተሰበረ ጀልባ ላይ ያሳረፈችውን ዕድል፣ ጌጣጌጡን ወደ ባሕር የሚደፋውን ፈላስፋውን ክራቴስንና በድንጋያማው መንገድ ላይ የተበተኑትን እባቦችና እንሽላሊቶች ከዕብነ በረድ ያወጣው ፓኦሎ ማኑቺ ነው። ማኑቺን የሚያስታውስ ጽሑፍ ከስንት አንድ ነው።

ዶሜኒኮ ቤካፉሚ ጋ ስንደርስ ሙገሳው ጣራ ይነካል። ለሠላሳ ዓመት ያህል ለወለሉ ንድፍ አውጥቷል፤ ነጭ፣ ፈካ ያለ ግራጫና ጠቆር ያለ ግራጫ ድንጋይ እያጋጠመ ብርሃንና ጥላ ፈጥሯል። ብልሃቱ አይካድም። ነገር ግን በ1547 የተጠናቀቀው፣ ከመሠዊያው ፊት ያለው የአብርሃም መሥዋዕት ወለል መሆኑን ይክዳል። የቆመ ግድግዳ ሊሆን ይመኛል፤ እግራችን ያረፈበትን ጽኑ ድንጋይ ወደ ውስጥ ሊሰምጥ የሚችል ጥልቀት ያስመስለዋል። ማቴዮ በመስመር ብቻ ያገኘውን ኃይል ቤካፉሚ በሦስት ዓይነት ድንጋይ አላገኘውም።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ ሙሴ ከዐለት ውኃ ሲያፈልቅ (1525) የሚለው ሥራ ሲመጣ ክርክሬ ይላላል። ረጅምና ጠባብ ሆኖ የተዘረጋ ስለሆነ በአንድ እይታ አይጨበጥም፤ በጎኑ መራመድ ይጠይቃል። ውኃ የጠማቸው ሰዎች ተንበርክከው፣ ተጎንብሰው፣ ተጋፍተው ወደ ምንጩ ሲሄዱ ተመልካቹም አብሯቸው ይሄዳል። ይህ በግድግዳ ላይ የሚሠራ ነገር አይደለም። ቤካፉሚ ለአንድ ጊዜ የሥዕል ባለሙያነቱን ረስቶ ለሚራመድ እግር አሰበ፤ ከሲየና ወለል አንድ ክፍል ብቻ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት እሱን እመርጣለሁ።

ወለሉ ከጉዳት እንዲጠበቅ በዓመት ከጥቂት ወራት በስተቀር አብዛኛው ክፍሉ ተሸፍኖ ይቆያል። መሸፈኑ ተገቢ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው የሚያውቀው ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ብቻ ስለሆነ፣ ፎቶግራፉ ደግሞ ወለሉን አቅንቶ እንደ ተሰቀለ ሥዕል ስለሚያሳየው፣ የቫዛሪ ስሕተት በየዓመቱ ይታደሳል። የተሐድሶው ታሪክም ይዘነጋል። ከጉልላቱ ሥር ካሉት የኤልያስ ታሪኮች የተወሰኑት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሌሳንድሮ ፍራንኪ የነደፋቸው ናቸው፤ ሊዮፖልዶ ማካሪም በዚያው ዘመን ያረጁ ክፍሎችን አድሷል። ያም ሆኖ ጸሐፊዎቻችን ከጉልላቱ ሥር ሲደርሱ የሚጠሩት የቤካፉሚን ስም ብቻ ነው። የቱ መስመር በማን እጅና መቼ እንደተቦረቦረ ክፍል በክፍል ሳይለዩ ስለ ቤካፉሚ ጥላና ብርሃን መፈላሰፍ ጊዜው ገና ነው።