«ክራይሲስን ይችለዋል?»

የጀርመኑ ክራይቴክ በ2007 እ.ኤ.አ. ክራይሲስ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ሲያወጣ፣ ከዘመኑ ቁንጮ የግራፊክስ ካርዶች አንዱ የነበረው ጂፎርስ 8800 ጂቲኤክስ እንኳ የመጨረሻው የምስል ጥራት ላይ ያቃስት ነበር። «ክራይሲስን ይችለዋል?» የሚለው ጥያቄ ቀልድም መለኪያም ሆኖ ቀረ፤ ታድሶ በ2020 የወጣው እትምም ከፍተኛውን የጥራት ምርጫ በዚሁ ጥያቄ ሰየመው።

እኔ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተጫውቼ አላውቅም። የምወደው የግራፊክስ ካርዶች በእሱ የሚለኩበትን ፈተና ነው። ያው የባሕር ዳርቻ፣ ያው ዘንባባ፣ ያው የካሜራ ጉዞ፣ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል፤ የሚለወጠው ካርዱ ብቻ ነው። ማራገቢያው እያጉረመረመ ይነሳል፣ ክፍሉ ይሞቃል፣ በስክሪኑ ጥግ በሰከንድ ስንት ፍሬም (ምስል) እንደሚታይ የሚነግረው ቁጥር ይወጣል ይወርዳል።

ያ ቁጥር ግን ሊሸነግል ይችላል። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል ማለት ነው። በደቂቃ ውስጥ አንዱ ምስል 100 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ አማካዩ ንቅንቅ አይልም፤ ዓይን ግን እንቅፋቱን ወዲያው ያያል። በ2011 ስኮት ዋሰን የተባለ ገምጋሚ የእያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ ለየብቻ እየለካ ማሳየት ሲጀምር፣ ያ እንቅፋት በግራፉ ላይ እንደ እሾህ ቀጥ ብሎ ታየ። አማካያቸው እኩል የሆኑ ሁለት ካርዶች፣ አንዱ ለስላሳ ሌላው እሾሃማ! ይህን የመሰለ ማጋለጥ ደስ ይለኛል።

ደግሞ ሁልጊዜ ጥፋተኛው ካርዱ አይደለም። ሬዞሉሽኑን ዝቅ አድርገው ቁጥሩ ካልጨመረ፣ ተጠርጣሪው ፕሮሰሰሩ ነው። ክራይሲስ ራሱ ሸክሙን በአብዛኛው አንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ይጭን ስለነበር፣ ከዓመታት በኋላ የመጡ ግዙፍ ካርዶች ሳይቀሩ ተራ ሲጠብቁ ይታዩ ነበር።