አንድ ባንከኛ በሦስት መጻሕፍት

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአገራችን ሰው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1916 በቻይና የሻንግሃይ ከተማ የነበሩ ጥቂት የባንክ ሰዎችም መንግሥትን ከሰው እንደማይረቱ ያውቁ ነበርና ሌላ ዘዴ ፈጠሩ። ራሳቸውን በራሳቸው አስከሰሱ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ እንዲህ ነው። የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ዩዋን ሺካይ ንጉሠ ነገሥት ልሁን ብሎ ሲነሣ ደቡቡ ሸፈተበት። ዘውዱን ሳይጭን ቢተወውም የመንግሥቱ ካዝና ተራቁቶ ነበር። ሜይ 12 ቀን ከቤጂንግ ትእዛዝ ወጣ፤ የቻይና ባንክና የመገናኛ ባንክ ያወጡትን የወረቀት ገንዘብ በብር መመንዘራቸውን እንዲያቆሙ፣ የሚፈለግባቸውንም ክፍያ እንዳይከፍሉ።

ብር ስል ማዕድኑን ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን የቻይና ሰው የሚያምነው፣ አያቶቻችን ማርትሬዛውን ያምኑት እንደነበረው ሁሉ፣ በእጅ የሚመዘነውን የብር ሳንቲም ነበር። ኖቱ «ይህን ይዘህ ብትመጣ ብርህን እሰጥሃለሁ» የሚል የቃል ወረቀት ነው። እኛ ማዕድኑንም ገንዘቡንም በአንድ ስም «ብር» እንደምንለው፣ ቻይናዎችም ባንክን የሚጠሩበት ቃል ሲተረጎም «የብር ንግድ ቤት» እንደማለት ነው። ስለዚህ ትእዛዙ «የብር ቤቱ ብር አይስጥ» የሚል ነበር።

የሻንግሃይ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሶንግ ሃንዣንግና የ26 ዓመቱ ምክትሉ ዣንግ ጂያአኦ ትእዛዙን አንፈጽምም አሉ። ብንታዘዝ የቻይና ሰው ዳግመኛ የቻይና ባንክ አያምንም፣ ገንዘቡን ይዞ ወደ ውጭ አገር ባንኮች ይሄዳል ብለው ነበር። እምቢ ካሉ ደግሞ መሻር አለ። እንግዲህ ዘዴው እዚህ ላይ ነው። እንደ ቼን ጓንግፉና ሊ ሚንግ ካሉ የግል ባንክ ወዳጆቻቸው ጋር መክረው ባለአክሲዮኖች፣ ገንዘብ አስቀማጮችና የኖት ባለቤቶች ባንኩን በሻንግሃይ ፍርድ ቤት እንዲከሱ አደረጉ። ነገሩ በፍርድ ቤት ተይዞ ሳለ አስኪያጆቹን ከወንበራቸው ማንሣት ያስቸግራልና። የባለአክሲዮኖች ማኅበርም አቋቁመው እምቢታቸውን በጋዜጣ አወጡ።

በማግስቱ ሕዝቡ ባንኩን ከበበው። መስኮቶቹ ተከፍተው ለመጣው ሁሉ ተመነዘረለት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባንክ ይዘጋ ነበር፤ አልተዘጋም። እሑድም ተከፈተ። የውጭ ባንኮች የ2 ሚሊዮን ብድር ፈቀዱ። ብሩ መኖሩን ያየው ሕዝብ በጥቂት ቀን ውስጥ ሰልፉን ትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ዩዋን ሺካይ በዚያው በጁን ወር ሞተ፤ የሻንግሃዩ ኖት ግን ዋጋውን እንደጠበቀ ቀረ።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ሰው ስም የሚነሣባቸውን ሦስት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ሁለቱ የራሱ ናቸው፤ አንዱን የጻፈችው የወንድሙ የልጅ ልጅ ናት። ሦስቱንም አንብቤ ስጨርስ የቀረብኝ ጥያቄ አንድ ነው። በ26 ዓመቱ «አይሆንም» ያለው ሰው በ57 ዓመቱ የት ሄደ?

ዋናው መጽሐፉ «የግሽበት አዙሪት» ይባላል። ቻንግ ኪያ-ንጋው በሚለው የስሙ አጻጻፍ በ1958 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሲሆን ከ1939 እስከ 1950 በቻይና የደረሰውን የዋጋ ንረት ይተነትናል። ጸሐፊው ተራ ታዛቢ አይደለም። ከማርች 1947 እስከ ሜይ 1948 የማዕከላዊ ባንኩ ገዢ እሱ ነበር። እሳት አጥፊው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ የጻፈው ዘገባ ነው እንበል።

እንደ ዘገባ የሚደነቅ ነው። ቁጥሮቹ ያስፈራሉ። ከጃፓን ጋር ጦርነቱ ሲጀመር በ1937 በገበያ ላይ የነበረው ኖት 1.4 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ በ1945 ከ550 ቢሊዮን በልጧል። በኦገስት 1948 ከ600 ትሪሊዮን በላይ ደረሰ። ዣንግ ነጋዴውን፣ እህል የሚሸሽገውን፣ ዶላር የሚያመላልሰውን ብቻ ወንጅሎ አያልፍም። በሽታውን ከሥሩ ይይዘዋል፤ መንግሥት ከሚሰበስበው በላይ ያወጣል፣ ጉድለቱን በባንክ ይሞላል፣ ባንኩም ያትማል። የዚያ መንግሥት ሹም የነበረ ሰው ይህን በስደት አገር ተቀምጦ ለዓለም ሲናገር ድፍረት እንደሚጠይቅ አልክድም።

ይሁንና መጽሐፉ ቀዝቃዛ ነው። ሰንጠረዥ ሰንጠረዥን ይከተላል። ገዢው ማን እንደነበረ አልተሸሸገም፤ በእኔ ንባብ ግን በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሥጋና ደም የለውም። የጦሩ ደመወዝ ይከፈል ተብሎ ሲታዘዝ ያ ሰው ምን አሰበ? መቼ ነው ልተወው ያለው? ለምንስ አልተወውም? «የማዕከላዊ ባንኩ ከገንዘብ ሚኒስቴር ነጻ አልነበረም» የሚለው ፍርድ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን የሚለው ሰው ባንክ ከመንግሥት ነጻ ሊሆን እንደሚችል በ1916 በእጁ ያሳየ ሰው ነው። መጽሐፉ ከ1939 ስለሚነሣ ያ ቀን ከሽፋኑ ውጭ ቀርቷል። የዘመን ወሰን ማበጀት የጸሐፊው መብት ቢሆንም እኔ አንባቢው የተነፈግሁት የታሪኩን ግማሽ ነው።

ያ ግማሽ ብዙ ነገር ያስረዳ ነበር። ዣንግ በጃፓን የኬኦ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። ከሻንግሃዩ እምቢታ በኋላ በ1917 የቻይና ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በ1928 ደግሞ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በዚያው ዓመት ዋና መሥሪያ ቤቱ ከቤጂንግ ወደ ሻንግሃይ ሲዛወር ከ25 ሚሊዮን ዩዋን ካፒታሉ የመንግሥት ድርሻ 5 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በ1929 ለንደን ላይ ቢሮ ከፈተ። የመንግሥት ቦንድ መሸከሙን እየቀነሰ ለንግድና ለፋብሪካ ማበደሩን መረጠ፤ ለቺያንግ ካይሼክ ጦር ገንዘብ የሚፈልጉት ሰዎች ይህን አልወደዱለትም። በማርች 1935 የገንዘብ ሚኒስትሩ ኩንግ አዲስ ቦንድ አትሞ የቻይና ባንክን አክሲዮን ገዛበት። ካፒታሉ 40 ሚሊዮን፣ የመንግሥት ድርሻ 20 ሚሊዮን ሆነ፤ ሱንግ ዚዌን የቦርዱ ሊቀ መንበር ሆኖ ገባ፣ ዣንግ ወጣ። ጥይት አልተተኮሰም። ባንኩን የገዙት በወረቀት ነው፤ ያውም ባንኮች እንዲሸከሙት በሚታዘዙት ዓይነት ወረቀት።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ቻይና ብርን ከገንዘብነት አወጣች። አሜሪካ በ1934 ባወጣችው ሕግ ብር በብዛት መግዛት ስለጀመረች ዋጋው ተሰቅሎ የቻይና ብር ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነበርና ምክንያቱ በቂ ነው። ዳሩ ግን በዘጠኝ ወር ውስጥ ሁለት ነገሮች አብረው ሄዱ። ኖቱን የሚይዘው ብር ሄደ፤ መንግሥትን «አይሆንም» የሚለው ባንክም ሄደ። የ1940ዎቹን ግሽበት ለመረዳት ይህን ዓመት ከሁሉ በላይ አስፈላጊ አድርጌ አየዋለሁ። ዣንግም ከሁሉ የተሻለ ምስክር ሊሆን ይችል ነበር። እሱ ግን በዚያው ዲሴምበር የምድር ባቡር ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። ቀጥሎም እስከ 1942 የመገናኛ ሚኒስትር ሆነ። ከባንክ ያባረረው መንግሥት አሽከር ሆነ ብዬ አልፈርድበትም፤ አገሩ በጃፓን እየተወረረች ሳለ ሐዲድ መዘርጋት ውርደት አይደለም። ሆኖም ከዚህ በኋላ ዣንግ ባለሙያ እንጂ ባለቤት አልነበረም።

ሁለተኛው መጽሐፍ «የመጨረሻው ዕድል በማንቹሪያ» ይባላል። ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ በ1989 በስታንፎርድ የሁቨር ተቋም ያሳተመው የቀን ማስታወሻው ነው። በ1945 የሶቪየት ጦር ማንቹሪያን ከጃፓን ሲረከብ ዣንግ ከቺያንግ ካይሼክ ልጅ ከቺያንግ ቺንግኩዎ ጋር ወደ ቻንግቹን ተላከ። ተልዕኮው የክፍለ ሀገሩን ፋብሪካና ማዕድን መረከብ ነበር። ማርሻል ማሊኖቭስኪ ግን ያ ሁሉ የጦር ምርኮ ነው ባይ ነው፤ መኪናው እየተነቀለ በባቡር ይጫናል። በጃንዋሪ 1946 የፉሹንን የከሰል ማዕድን እንዲረከብ የተላከው መሐንዲስ ዣንግ ሺንፉ በመንገድ ላይ ተገደለ።

በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ይህ መጽሐፍ ከፊተኛው ይበልጣል። ማስታወሻ ነውና ጸሐፊው ነገ የሚሆነውን ሳያውቅ ይጽፋል፤ ተስፋ ያደርጋል፣ ይጠራጠራል፣ በማግስቱ ያፍራል። እያንዳንዱ ስብሰባ፣ እያንዳንዱ የሩሲያውያን ጥያቄ ተመዝግቧል። በ1958ቱ መጽሐፍ ያጣሁትን ሰው እዚህ አገኘሁት፤ ከሩቅ የሚታዘዝ፣ በቅርብ የሚናቅ፣ በእጁ ምንም ሳይኖረው የሚደራደር ሰው ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ የማዕከላዊ ባንኩን ወንበር ሲይዝ በምን መንፈስ እንደያዘው የሚነግረን ይኼኛው እንጂ የግሽበቱ መጽሐፍ አይደለም።

ያንን ወንበር ሲይዝ ሱንግ ዚዌን የባንኩን ወርቅ ለገበያ ሸጦ ዋጋ ማረጋጋት ስላቃተው ከጠቅላይ ሚኒስትርነት የለቀቀበት ጊዜ ነው። ዣንግ በዶላር የተሰላ የመንግሥት ቦንድ አወጣ፤ ገዢው ጥቂት ሆነ። የምንዛሪውን ተመን ከገበያው ጋር ለማስታረቅ ሞከረ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ግን ገንዘብ ይበላል። እሱ ከተነሣ ከሦስት ወር በኋላ በኦገስት 1948 መንግሥት «የወርቅ ዩዋን» የሚባል ኖት አወጣ፤ አንዱ በ3 ሚሊዮን አሮጌ ዩዋን። ወርቅ፣ ብርና ዶላር ያለው ሁሉ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ያው ቺያንግ ቺንግኩዎ ሻንግሃይ ገብቶ ዋጋ ያስጠብቅ ጀመር። ሱቆቹ ባዶ ሆኑ፤ በኖቬምበር የዋጋው ቁጥጥር ተነሣ።

በዚያ ዓመት ዲሴምበር ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን በሻንግሃይ አንድ ፎቶ አነሣ። ከባንክ በር ላይ ወርቅ ለመግዛት የተሰለፈ ሕዝብ ነው። ሰዉ እንደ ገመድ ተጠማዞ አንዱ ሌላውን አንቆ ይዟል፤ በዚያ ግፊያ ተረግጠው የሞቱ ነበሩ። ከተማው ያው ሻንግሃይ ነው፤ የ1916ቱ ሰልፈኛ ግን ብሩን ቆጥሮ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል።

እንግዲህ ሰውየውን አብዝቼ እንዳልወቅሰው የሚያደርገኝ አንድ ነገር አለ። የ1916ቱ እምቢታ የጀግንነት ብቻ ውጤት አልነበረም። ባንኩ የቆመው የውጭ አገር ሰዎች በሚያስተዳድሩት የሻንግሃይ ሠፈር ነው። ክሱን የተቀበለው የውጭ ዳኞች እጅ ያለበት ፍርድ ቤት ነው። የቤጂንግ ወታደር እዚያ ገብቶ አስኪያጅ ሊያስር አይችልም። የቻይና ባንክ ከቻይና መንግሥት ነጻ የሆነው የቻይና ሉዓላዊነት በተደፈረበት መሬት ላይ ነው። በ1943 ያ መብት ተሽሮ አገሪቱ ሙሉ ባለቤት ስትሆን ባንከኛው መጠጊያ አጣ። ዣንግ ይህን መራራ ነገር ከማንም የበለጠ ያውቀዋል። «የግሽበት አዙሪት» ስለ በጀት ጉድለት የሚነግረንን ያህል ስለዚህ ቢነግረን ኖሮ ከኢኮኖሚስቶች መደርደሪያ ወጥቶ የሁላችንም መጽሐፍ በሆነ።

ሦስተኛው መጽሐፍ በ1996 የወጣው የፓንግ-ሜይ ናታሻ ቻንግ «የታሰሩ እግሮችና የምዕራብ ቀሚስ» ነው። ባለታሪኳ የዣንግ እኅት ዣንግ ዮዪ ናት። እዚያ ውስጥ ባንከኛው «አራተኛ ወንድም» ተብሎ ይጠራል። ገና ወጣት ጸሐፊ ሳለ ሃንግዡ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲጎበኝ የአንድ ተማሪ ድርሰት አይቶ ተደነቀና ለልጁ ቤተሰብ እኅቴን ላጭላችሁ ብሎ ጻፈ። ተማሪው በኋላ ገጣሚ የሆነው ሹ ጅሞ ነበር። በ1915 ተጋቡ፤ በ1922 በርሊን ላይ፣ ሁለተኛ ልጃቸው በተወለደ ሰሞን ፈታት። አራተኛው ወንድም ወረቀት አይቶ ዋስ ሆኖ ነበር። የድርሰቱ ዋጋ ትክክል ነው፤ የባልነቱን ግን ድርሰቱ አያሳይም።

ደራሲዋ የራሷን የአሜሪካ ልጅነት ከአክስቷ ታሪክ ጋር ስትጎነጉን አንዳንዱ ቦታ ይላላባታል። የዮዪ ድምፅ ሲመጣ ግን ገጹ ይሞቃል። ያቺ የተፈታች ሴት ወደ ሻንግሃይ ተመልሳ የሴቶች የቁጠባ ባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነች። ስለ ቤተሰቡ የባንክ ሥራ ከወንድሟ ሰንጠረዦች ይልቅ ከእሷ ትረካ ብዙ ተምሬአለሁ።

ዣንግ ከ1949 በኋላ ወደ አገሩ አልተመለሰም። በአውስትራሊያ ቆይቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፣ በሎስ አንጀለስ አስተማረ፣ በስታንፎርድ ተመራመረ፣ በ1979 አረፈ። መጻሕፍቱን ለሚፈልግ አንባቢ የምመክረው ከዮዪ እንዲጀምር ነው፤ ቀጥሎ የማንቹሪያውን ማስታወሻ፣ «የግሽበት አዙሪት»ን በመጨረሻ። በዚህ ቅደም ተከተል ሲነበብ ሰንጠረዦቹ ውስጥ የተደበቀው ሰው አልፎ አልፎ ብቅ ይላል።