የእቴጌ ምንትዋብ ፖርቱጋላዊ ቅድመ አያት፤ በጀምስ ብሩስ ምስክርነት ላይ የቀረበ ትችት

ስለ እቴጌ ምንትዋብ ትውልድ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ነገር ይደጋግማሉ፤ ይኸውም ከቅድመ አያቶቻቸው አንዱ ፖርቱጋላዊ ነበር የሚለው ነው። የወሬው ዋና በር ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። እኛም ወሬውን ለማጽደቅም ሆነ ለመንቀፍ ሳንቸኩል፣ የዚህ ሰው ምስክርነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ልንመረምር አስበናል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። እቴጌይቱ በቁስቋም ግቢ ተቀብለውታል፤ እሱም በፈንጣጣ የታመሙ የቤተሰባቸውን ልጆች አክሟል። ስለዚህ ነገሩን ከባለቤቶቹ አፍ ለመስማት ይችል ነበር። መጽሐፉ ግን የታተመው በ1790፣ ማለት ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው። ዐፄ በካፋ ቋራ ውስጥ ታመው ከአንድ ቤት ሲያርፉ የቤቱ ልጅ አስታማቸው፣ ኋላም እቴጌ ሆነች የሚለው ትረካውም ከታሪክ ይልቅ ወደ ተረት ያደላል።

ይሁን እንጂ ለብሩስ አንድ ነገር ልንመሰክርለት ይገባል። ሰውዬው የፖርቱጋሎችና የኢየሱሳውያን ወዳጅ አልነበረም። ጴድሮ ፓኤዝ በ1618 የዓባይን ምንጭ ማየቱን እንኳ፣ ክብሩን ለራሱ ፈልጎ፣ ሊቀበል አልወደደም። የዓባይን ምንጭ የነፈጋቸው ሰው እቴጌን ያህል ዘመድ ሲሰጣቸው፣ ከልቡ አፍልቆ ነው ለማለት ይከብዳል።

ነገሩም የማይሆን አይደለም። ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በ1541 ወደ 400 የሚሆኑ ወታደሮች ይዞ ምፅዋ ላይ ከመርከብ ወረደ፤ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት በ1543 ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ፤ ከዚያም መሬት ተሰጥቷቸው፣ ያገር ሴት አግብተው ቀሩ። ከዚህ አንሥቶ እቴጌይቱ እስከ ተወለዱበት እስከ 1700ዎቹ መጀመሪያ ያለው ዘመን 160 ዓመት ያህል፣ ማለት አምስት ወይም ስድስት ትውልድ ነው። ሰባት ቤት መቁጠር የለመደ ሽማግሌ ይህን ባንድ ትንፋሽ ይዘልቀዋል።

ዳሩ ግን ይኸው ስሌት ሌላም ነገር ይነግረናል። ሰው በስድስተኛው ትውልድ ላይ 64 ቅድመ አያቶች አሉት፤ አንዱ ፖርቱጋላዊ ቢሆን 63ቱ ያገር ልጆች ናቸው። እንግዲህ የመልክን ቅላት ለፖርቱጋሉ ምስክር አድርጎ መቁጠር ከንቱ ነው። ቀይ ሰው በስሜንም በበጌምድርም ፈረንጅ ሳይጠራ ይወለዳል።

በቤተ መንግሥት የሚወሳው ሐረግ፣ በእናታቸው በወይዘሮ እንኮዬ በኩል፣ ወደ ዐፄ ሚናስ ልጅ ወደ ፊቅጦር ይወስዳል። ይህም ቢሆን ጥቅም የሌለበት ቆጠራ አይደለም። በ1730 ከሕፃን ልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ለደፉ እናት የንጉሥ ዘር መሆን ያስፈልግ ነበር። የፈረንጅ ዘር ግን በዚያ ዘመን ለማንም ሹመት አያበቃም። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን አባረሩ፤ በ1660ዎቹም ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ የፖርቱጋሎቹን ተወላጆች ወይ ተዋሕዶን ተቀበሉ ወይ ካገር ውጡ አሏቸው። እምቢ ያሉት ወደ ስናር ሄዱ። የቀሩት በስምም በሃይማኖትም ካገሬው የማይለዩ ሆኑ። እንዲህ ባለ ጊዜ አያቴ ፈረንጅ ነበር ብሎ ለጸሐፊ የሚያስጽፍ ማን ነው? ስለዚህ በሐረጉ ውስጥ ፖርቱጋል አለመጠራቱ ብቻውን ወሬውን አያፈርሰውም።

አንድ ጥርጣሬ ግን ከልባችን አይወጣም። ከሩቅ የመጣን እንግዳ ዘመድ ማድረግ የቤታችን ወግ ነው፤ «እኛም እኮ ከናንተ ወገን ነን» ማለት ጠጅ እንደ መቅዳት ይቆጠራል። በቁስቋም አዳራሽ የተነገረ እንዲህ ያለ የደግነት ቃል በብሩስ ማስታወሻ ላይ የትውልድ ሐረግ ሆኖ ተጽፎ ከሆነስ? የብሩስ ተቺዎች ውሸታምነቱን ሲፈልጉ ኖረዋል፤ የአስተናጋጆቹን ጨዋታ ግን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

የሚቀረው ምርመራ ከብሩስ መጽሐፍ ውጭ ነው። የጎንደር አድባራት፣ ቁስቋምም ጭምር፣ የጉልትና የርስት ሽያጭ ጽሑፎች አሏቸው። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር፣ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች ዜና መዋዕል የማያነሣቸውን ሴቶችና ተራ ባለርስቶች በስማቸው ይጠራሉ። ከደምብያ ወይም ከቋራ ሰው ስም ጋር «ፈረንጅ» የሚል ቃል ተጽፎ ቢገኝ፣ ክርክሩን ከብሩስ አምስት ቅጾች ይልቅ ከዚያ መጀመር ይቻላል።