የሚታየው ፈውስና የማይታየው ወጪ

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ወደ አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የመጡ አምስት ሴቶችን ታሪክ ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፉት ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ሆስፒታሉን እ.ኤ.አ. በ1974 አቋቋሙት፤ ለታካሚዎቹ በነጻ የሚሰጠው ሕክምናም በአብዛኛው የቆመው በለጋሾች ገንዘብ ነው። ፊልሙ የሴቶቹን ሕመም ሲያሳይ የለጋሹንም ልብ ያንኳኳል። ስለሆነም በዚሁ በኩል ሊመዘን ይገባዋል።

ከሁሉ የላቀው ክፍል መነሻው ነው። ከቤተሰቧ ተገልላ በጎጆ የምትኖር አንዲት ወጣት አውቶቡስ ወደሚገኝበት መንገድ ለመድረስ ረጅም ሰዓት በእግሯ ትጓዛለች። ካሜራው አይቸኩልም። ምጥ በያዛት ጊዜም በእርሷና በቀዶ ጥገና በሚያዋልድ ሐኪም መካከል የነበረው ይኸው መንገድ መሆኑን ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

ፊልሙ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሽንቷን መቆጣጠር ያልተሳካላትን ወጣት አለመደበቁም ሊመሰገንበት ይገባል። ቀዳዳውን መድፈንና ሽንትን መቆጣጠር መቻል አንድ እንዳልሆኑ የሚያውቀው ባለሙያ ይህን ሐቀኝነት ያደንቃል፤ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ብቻ የተሠራ ፊልም ቢሆን ኖሮ ታሪኳ ተቆርጦ በወጣ ነበር።

ድክመቱ ግን ከዚህ ይጀምራል። ሴቲቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወደ አገሯ ስትመለስ የሚያይ ለጋሽ፣ አንድ ልገሳ አንድ ቀዶ ሕክምና፣ አንድ ቀዶ ሕክምናም አንድ ፈውስ ነው ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ከስፌቱ በኋላ ካቴተሩ ለቀናት ይቆያል፤ ሌሊት ቢዘጋና ፊኛው ቢወጠር የሐኪሙ ድካም ሁሉ ሊበላሽ ይችላል። ይህን የምትጠብቀው የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። የእርሷ ደመወዝ፣ በየቀኑ የሚታጠበው አንሶላ፣ የፊዚዮቴራፒው ክፍል፣ ተመልሳ የምትመጣው ታካሚ የመኝታ ወጪ፣ እነዚህ ሁሉ እንባ አያስፈስሱም። ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲውል ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ደግሞ ለእነዚህ አይደርስም።

መከላከሉ ከዚህም ይብሳል። ፊልሙ በወጣበት በዚያው ዓመት የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዓላማውም ለገጠር እናቶች የሚደርሱ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ይሁንና በጊዜ ወደ ሆስፒታል በመላኳ ፊስቱላ ያልደረሰባት እናት ለካሜራ የምታሳየው ነገር የላትም።

ሌላም ያልተቋጨ ጥያቄ አለ። በነጻ ለመታከም ወረፋ የምትጠብቅ ሴት ፊቷ እንዲቀረጽ ስትጠየቅ እምቢ ለማለት ምን ያህል ነጻነት ይኖራታል? እንዲህ ዓይነት ፊልም ለማሠራት የሚያስብ ማንኛውም ሆስፒታል ቢያንስ ፈቃዱን የሚጠይቀው ሰው ከሕክምና ቡድኑ ውጭ እንዲሆን፣ ታካሚዋም ከዳነች በኋላ ሐሳቧን መለወጥ እንድትችል አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።