ኮርቻውን አስወርዶ ማየት

ቢቸና ገበያ በቅሎ የሚገዛ አዋቂ አስቀድሞ ኮርቻውን ያስወርዳል። ጥርስና ኮቴ ቀጥሎ ይታያል። ኮርቻ ገጣባን ይሸፍናላ! እኔም በአሮጌ ቮልስ ከአዲስ አበባ ቢቸና፣ ከቢቸና ሞጣ ስመላለስ የመካኒክን ሥራ በዚሁ ዓይን ማየት ለመድኩ።

ቮልስን ከስፖርት መኪና ጎራ እመድባታለሁ፤ ይህ የሚያስቀው ካለ፣ ፖርሽ 356 በ1948 እ.ኤ.አ. የተነሣው ከዚሁ ከቮልስ ሞተር እንደሆነ፣ የ1962ቱን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊም ያሸነፈው ቮልስ እንደሆነ ላስታውሰው። የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ ምርቱ አብቅቷል። አገራችንም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። እንግዲህ ያለችንን በደንብ ማሠራት ነው።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያበርደው ነፋስና ዘይት ነው። ቺንጋው ማራገቢያውን ያዞራል፤ ሞተሩን የከበቡት ላሜራዎች ደግሞ ነፋሱን ወደ አራቱ ሲሊንደሮች ይመሩታል። ቢቸናና ሞጣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚሳሳ፣ 34 የፈረስ ጉልበት ያለው 1200 ሞተር 27 ገደማ ቢሰጥ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያንሳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ላሜራዎቹን ይቁጠሩ።

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። አንድ ጋራዥ ሞተሬን አውርዶ ከሠራልኝ በኋላ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ መኪናዬ አቅም አጥታ ዳር ያዘች። በማግስቱ እየተንፏቀቅሁ ሞጣ ደረስኩ። እዚያ ያገኘሁት ሽማግሌ መካኒክ የኋላውን ኮፈን ከፈተና ሞተሩን ሳያስነሣ፣ ጣቱን በሞተሩ ክፍል ዙሪያ ባለው ባዶ ጎድጎድ ላይ አዞረ።

«ልጄ፣ እዚህ የነበረው ጎማ የት ሄደ?»

«አይጠቅምም ብለው አወጡት፣ ጋሼ።»

«የማይጠቅም ቢሆን መቀመጫ ይሠሩለት ነበር?»

ያ ጎማ ከታች የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ የሚከለክል ነው። ሞተሬ የገዛ ትንፋሹን መልሶ ሲስብ ነበር የከረመው።

ሁለተኛው ፈተና ጆሮ ነው። «ቫልቩ ጸጥ አለልህ!» ብሎ የሚያስረክብ መካኒክ ካጋጠመዎት ይጠርጥሩ። የቮልስ ቫልቭ በትንሹ ጠቅ ጠቅ ማለት አለበት። ክፍተቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ የሚስተካከለው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ሲበዛ የጠበበ ቫልቭ ድምፁ ይጠፋል፤ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር ነፋስ ስለሚጋርድበት፣ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ጎበዝ መካኒክ «መኪናዋን አሳድረህ ሂድ፤ ጠዋት እናየዋለን» ይላል።

ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቺንጋው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሊ በእጅዎ ይዘው ወደ ኋላና ወደ ፊት ይግፉት። ደህና በተሠራ ሞተር ላይ ጨዋታው ከ0.13 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ እጅ እምብዛም አያውቀውም። ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው አብቅቷል፤ መካኒኩ የሚያወራው አዲስ ቀለም አያድነውም። ካንዴላም ያስፈቱ። ነጣ ያለ ቡናማ ከሆነ ካርቡሬተሩ ለደጋው ተስተካክሏል፤ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ጭልጥ ብሎ ከነጣ ሞተሩ እየነደደ ነው። የኋላ መቀመጫውንም ያንሡ፤ ባትሪው እዚያ ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል። በስቱኮ የተደፈነ ወለል በጣት ሲመቱት ድምፁ የታፈነ ነው፤ ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል።

መንገድ ላይ ደግሞ ቀዩን የዲናሞ መብራት አይናቁ። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ መብራቱ ይበራል፤ ነፋሱም ይቆማል። ያኔ «ደጀን ልድረስና» ማለት ሞተሩን መሸጥ ነው። ወዲያው አጥፍተው ይቁሙ፤ ትርፍ ቺንጋና መፍቻ ከመኪናው አይለዩ።

ሲረከቡ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ስትፈቱት የተረፈ ነገር አለ?» ብሎንም ሆነ ላሜራ በፌስታል አድርጎ ከሰጠዎት፣ ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ሁሉንም በቦታው ያስገጥሙ።