ጓንቱና ጥያቄው

ባለፈው ቅዳሜ በክበባችን «ማይኖሪቲ ሪፖርት» የተሰኘውን የ2002 ፊልም አይተን ስናበቃ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የሚያሳፍረው ግን አብዛኞቻችን ያወራነው ስለ ጓንቱ ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1956 ባወጣው አጭር ልብወለድ፣ ሦስት ባለራእዮች ወንጀልን ሳይፈጸም ያያሉ፤ ፖሊስም ገና ያልገደለውን ሰው በገዳይነት ያስራል። ዲሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ታሪኩን ወደ 2054ቷ ዋሽንግተን ወሰደው። ከተማዋ ያኔ ምን ልትመስል እንደምትችል እንዲመክሩለትም በ1999 ሊቃውንትን ሰብስቦ ነበር። የፊልሙ አማካሪ ጆን አንደርኮፍለር፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ አየር ላይ እየተወዛወዘ ምስሎችን የሚያዝበትን ዘዴ ነደፈ፤ ኋላም በእውን የሚሠራ መሣሪያ አደረገው። ሳይንሳዊ ልብወለድ ለነዳፊ እርሾ ነው የሚሉ ሁሉ ይህን በምስክርነት ይጠራሉ።

እኛ ግን ቅር ይለናል። በዲክ ድርሰት ውስጥ ጓንት የሚባል ነገር የለም። የተከሳሹ ስም በካርድ ላይ ይወጣል፣ አለቀ። ዕቃው ተራ ስለሆነም የአንባቢው ልብ ከጥያቄው አይነቀልም፤ ከሦስቱ አንዱ የተለየ ነገር ካየስ? ፊልሙ መሣሪያውን ከልክ በላይ አሳመረው። ቶም ክሩዝ እንደ ኦርኬስትራ መሪ እጁን ሲያወናጭፍ፣ ሊታሰር የተቃረበውን ሰውዬ ማን ያስታውሰዋል? እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛም ረስተነው ነበር።

ይህ እኮ የሥራ ፈት ክርክር አይደለም። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ወንጀል የት ሊፈጸም እንደሚችል ይተነብያል በተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ፣ ብዙ ነቀፌታ ከተሰማበት በኋላ በ2020 ተወው። ትንቢቱ የሚቀዳው ከድሮ መዝገብ ነው። ፖሊስ የበዛበት ሰፈር መዝገቡ ይበዛል፤ መዝገቡ ሲበዛ ደግሞ ፖሊስ ይጨመርበታል። ለዚህ ጓንት አላስፈለገም።

ፊልሙን ጨርሰን አናጥላላም። ጀግናው ዓይኑን በሌላ ሰው ዓይን አስለውጦ ልብስ መደብር ሲገባ፣ ማስታወቂያው ዓይኑን አይቶ «ያካሞቶ» ብሎ ይቀበለዋል። ሳቅን፤ ወዲያው ሳቃችን ቀጥ አለ። እዚያች ትዕይንት ላይ ዕቃውና ጥያቄው አብረው ተሰፍተዋል። ማሽኑ ዓይኑን ያውቃል፣ ሰውዬውን አያውቅም። የሥነ ሕንፃና የንድፍ ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከዚህ ፊልም አንድ ነገር እንቅዳ ካሉ፣ ያችን መደብር ይውሰዱልን። ጓንቱን እንስላለን ካሉም፣ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታደነውን ሰውዬ አብረው ይሳሉት፤ ፊት ይኑረው።