«ቁጥጥር» የሚለው ቃል ስንት ድርጊት ይሸከማል? በርቀት ሰርቨር ላይ ስለሚሠሩ ሠራተኞች በሚጻፉ ደንቦችና ዘገባዎች ቋንቋ ላይ የቀረበ ሂስ
ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሰንዳፋ፣ እንዲሁም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ፋብሪካው ወይም መጋዘኑ በከተማው ውስጥ ሆኖ ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ የሚገኝበት ድርጅት አለ። በእንዲህ ያለ ድርጅት የሚሠራ የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ሲከፍት የሚያየው መዝገብ ከፊቱ ባለው መሣሪያ ውስጥ ላይኖር ይችላል። መዝገቡ የሚገኘው በዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ ሠራተኛው በኔትዎርክ ገብቶ የሚጫነው ቁልፍ ወደዚያ ይሄዳል፤ ከዚያም የስክሪኑ ሥዕል ወደ እርሱ ይመለሳል። ሥራው በአንድ ቦታ፣ ሠራተኛው በሌላ ቦታ ሆነ ማለት ነው። ቀድሞ ካቦው በዓይኑ ያየው የነበረውን አሁን ሰርቨሩ ራሱ ይመዘግባል፤ ማን መቼ እንደ ገባ፣ መቼ እንደ ወጣ፣ ምን እንደ ከፈተ። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ይኸው አሠራር ከመጋዘንና ከቅርንጫፍ አልፎ እስከ መኖሪያ ቤት ደርሷል።

አሠራሩ ሲመጣ ጽሑፉም አብሮ መጣ። የውስጥ ደንብ፣ የቅጥር ውል አባሪ፣ ወርኃዊ ዘገባ ተጻፈ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የተመለከታቸው እንዲህ ያሉ ሰነዶች ጉዳዩን የሚያልፉት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ይኸውም በሰርቨር ላይ የሚደረግ የሠራተኛ እንቅስቃሴ «ክትትልና ቁጥጥር ይደረግበታል፤ ሪፖርትም ይቀርባል» የሚል ነው። ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ እንከን የለበትም፤ ጆሮም አይጎረብጥም። ጉድለቱ ሌላ ነው። ከሥሩ ፊርማውን የሚያኖረው ሠራተኛ ምን እንደሚደረግበት ከቃላቱ ሊያውቅ አይችልም፤ ደንቡን ያወጣው ኃላፊም ቢጠየቅ ሊያስረዳ አይችልም።

ከ«ቁጥጥር» እንጀምር። ቃሉ ከ«ቆጠረ» ተደጋግሞ በወጣው «ተቆጣጠረ» ላይ የተመሠረተ ስም ነው። ስለዚህ በመነሻው ደጋግሞ መቁጠርን፣ ሒሳብ መያዝን ያመለክታል። የጎተራ ኃላፊ እህሉን፣ እረኛ ከብቱን እንደሚቆጥር ያለ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ግን ቃሉ ሩቅ ሄዷል። ጦር ከተማን «ተቆጣጠረ» ሲባል ያዘ ማለት ነው፤ ሰው «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ሲባል ታሰረ ማለት ነው። (ሰንዳፋ ስትነሣ የፖሊስ ማሠልጠኛውን አስቀድሞ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ በዚያች ከተማ ቃሉ ይህን ትርጉሙን አስቀድሞ ቢያመጣ አይገርምም።) በ1970ዎቹ ደግሞ የሠርቶ አደር ቁጥጥር ኮሚቴ የሚባል ተቋም ነበር፤ በዚያ ስያሜ ውስጥ ተቆጣጣሪው ሠራተኛው፣ ተቆጣጣሪ የሚያሻው ደግሞ የድርጅቱ አመራር ነበር። አንድ ቃል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚያይ ዓይንም፣ ከላይ ወደ ታች የሚያይ ዓይንም ሆኖ አገልግሏል። እንዲህ ያለ ቃል ለንግግር ሀብት ነው፤ ለደንብ ግን አደጋ ነው።

«ክትትል» ከዚህ ይሻላል። ከ«ተከታተለ» የወጣ በመሆኑ በጊዜ ውስጥ የሚቀጥል ነገርን ያሳያል፤ የእርግዝና ክትትል እንደምንለው የበጎ ፈቃድ ሽታም አለው። የፕሮጀክት ሰዎችም «ክትትልና ግምገማ» ሲሉ ለዚህ ፅንሰ ሐሳብ ቦታ አበጅተውለታል። ችግሩ ከ«ቁጥጥር» ጋር ተጣምሮ መሄዱ ነው። ጥንዱ በመሥሪያ ቤት ቋንቋችን ተለምዶ እንደ አንድ ቃል ስለሚነገር፣ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ መጠየቅ ቀርቷል። በእነዚህ ከተሞች ደንቡ በአፋን ኦሮሞም ስለሚጻፍ ነገሩ ጎላ ብሎ ይታያል፤ «ሆርዶፊ» እና «ቶአኖ» እንደ አማርኛው ጥንድ ተያይዘው ይነገራሉና፣ የአማርኛው ብዥታ ከነጥንድነቱ ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይሻገራል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንለፍ፤ ቃላቱ የሚመዘኑት በእርሱ ነውና። በእንዲህ ያለ ሥራ በሰፊው የሚሠራበት ዊንዶውስ ሰርቨር በመሠረቱ የሚያደርጋቸው ነገሮች በዓይነታቸው የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው መመዝገብ ነው። ሰው ሲገባ በመዝገቡ ላይ 4624 የሚል ቁጥር ያለው ጽሑፍ ይሰፍራል፤ ሲወጣ 4634፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ 4779፤ ተመልሶ ሲቀጥል 4778። ይህን የሚያደርገው መሣሪያው ነው፤ ማንም ላያነበው ይችላል። ሁለተኛው አንድ ሰው ተቀምጦ ይህን መዝገብ በየጊዜው ማንበቡ ነው። ሦስተኛው ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ የሠራተኛውን ስክሪን በዚያው ቅጽበት ሊያይ፣ ከፈለገም መዳፊቱንና ቁልፉን ከእጁ ወስዶ ሊሠራበት ይችላል። ለዚህ ለሦስተኛው ብቻ መሣሪያው አምስት ምርጫ አዘጋጅቷል፤ ፈጽሞ መከልከል፣ በሠራተኛው ፈቃድ ማየት፣ ያለ ፈቃዱ ማየት፣ በፈቃዱ ገብቶ ማዘዝ፣ ያለ ፈቃዱ ገብቶ ማዘዝ። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች አምስት አድርገው የለዩትን እኛ ከመዝገቡና ከንባቡ ጋር ደባልቀን «ቁጥጥር» ብለን ዘጋነው።

ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ሕጉን ይመልከት። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገውን ግንኙነት ጭምር፣ ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። (አዋጁ በርእሱ «ዳታ»ን እንዳለ መያዙ፣ «መረጃ» አለማለቱ፣ ይደገፋል፤ «መረጃ» በአማርኛ ማስረጃንም፣ ወሬንም፣ የደኅንነት ሥራንም ስለሚነካ።) የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 46 ሠራተኛው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ቦታ የሚሠራበትን ውል ከሌላው የሚለየው አሠሪው በቀጥታ የማይቆጣጠረውና የማይመራው በመሆኑ ነው። እንግዲህ ከቤቱ ሆኖ በሰርቨር ለሚሠራ ሰው በሚጻፍ ውል ውስጥ «ቁጥጥር» የሚለው ቃል መግባቱ ወይም አለመግባቱ የውሉን ዓይነት ሊያከራክር ይችላል። ቃሉን በልማድ የጻፈው ሰው ይህን አስቦት እንደ ሆነ ያጠራጥራል።

ከአገር ውጭም ክርክሩ በዚሁ ነጥብ ላይ ወድቋል። የሩማንያው ባርቡሌስኩ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር የተላላከው መልእክት ተነብቦ ከሥራ ከተሰናበተ በኋላ፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት እ.ኤ.አ. በ2017 የግል ሕይወቱ መብት በሚገባ አልተጠበቀለትም ሲል ወስኗል። ከተመዘኑት ነገሮች ዋነኛው ሠራተኛው ስለ ክትትሉ ዓይነትና መጠን፣ በተለይም የመልእክቱ ይዘት ራሱ ሊነበብ እንደሚችል፣ አስቀድሞ ተነግሮታል ወይ የሚለው ነበር። «ክትትልና ቁጥጥር ይደረጋል» የሚል ዐረፍተ ነገር በዚያ ሚዛን ቢቀመጥ ዓይነትንም መጠንንም አልተናገረምና ቀልሎ ይገኛል።

ይሁንና ጉዳቱ ይበልጥ የሚሰማው በደንቡ ሳይሆን በዘገባው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደንቡ ስለ ሁሉም ይናገራል፤ ዘገባው ግን ስለ አንድ ሰው፣ በስሙ፣ ይናገራል። ሦስት ቃላትን ብቻ ላንሣ።

አንደኛው የ4779 ትርጉም ነው። በእንግሊዝኛው ቃል አቋራጩ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ሠራተኛው መስኮቱን ቢዘጋም፣ መብራት ቢጠፋም፣ ኔትዎርኩ ቢወድቅም የሚሰፍረው ቁጥር ያው ነው። አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ዝምታ አይፈቅድም። ወይ «አቋረጠ» ወይ «ተቋረጠ» ማለት ግድ ነው። በዘገባዎች ላይ ከሠራተኛው ስም ፊት ለፊት «አቋረጠ» ተብሎ ሲጻፍ፣ መሣሪያው ያልመሰከረውን የአንዲት ፊደል ለውጥ መሰከረችበት ማለት ነው። መብራትና ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ከተማ የተቀመጠ ሠራተኛ በወር ውስጥ ስንት ጊዜ «አቋረጠ» ሊባል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ትክክለኛው «ግንኙነቱ ተቋረጠ» ነው፤ ባለቤቱም ግንኙነቱ እንጂ ሠራተኛው አይደለም። ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ማታ 11 ሰዓት መስኮቱን ዘግቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሠራተኛ በሚገባ «ካልወጣ»፣ የጊዜ ገደብ ካልተደረገበት በቀር ሥራው በሰርቨሩ ላይ ተከፍቶ ሊያድር ይችላል፤ ከመግቢያ እስከ መውጫ ብቻ የሚቆጥር ዘገባም ሌሊቱን በሙሉ ሲሠራ እንዳደረ ይጽፍለታል። «ወጣ» እና «ተቋረጠ» በአንድ ዓምድ ሊቀላቀሉ የማይገባቸው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ሠራተኛው ለተወሰነ ደቂቃ ቁልፍም መዳፊትም ሳይነካ ሲቀር መሣሪያው ያንን ጊዜ ለይቶ ይይዛል። ይህን «የቦዘነበት ጊዜ» ብለው የተረጎሙ አሉ። «ቦዘነ» የሚለው ግሥ በአማርኛ ያለ ነውር አይነገርም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 አደገኛ ቦዘኔነትን የሚቆጣጠር እንደ ነበር እናስታውስ። ያ የሰንዳፋው የመጋዘን ሠራተኛ ተነሥቶ ጆንያ ሲቆጥር፣ ደረሰኝ ከሾፌር ሲቀበል፣ ቁልፍ አልነካም፤ ሥራ ግን አልፈታም። መሣሪያው የሚያውቀው እጁ ገበታው ላይ አለመኖሩን ብቻ ነው። ስለዚህ «ቁልፍ ያልተነካበት ጊዜ» ብሎ ያየውን ብቻ መናገር ይበቃል። ረዘመ የሚል ቢኖር፣ የሰው እንጀራ የሚነካ ቃል ቢረዝም ምንም አይደለም።

ሦስተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። የሰርቨሩ መዝገብ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይጽፋል፤ 08:15 ያለው በእኛ 2:15 ነው። የሰዓት ክልሉ ካልተስተካከለ ደግሞ ሌላ የሰዓት ልዩነት ይጨመርበታል። (በዊንዶውስ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ ስለሌለች የእኛ ሰዓት የሚገኘው በናይሮቢ ስም ነው።) ዘገባው በአማርኛ እስከ ተጻፈ ድረስ ሰዓቱም በአማርኛ መጻፍ፣ ቢያንስ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ መገለጽ አለበት። ከሁለቱ አንዱ ሳይደረግ ቀርቶ ሠራተኛ «አርፍዷል» ቢባል የሚጠየቀው ተርጓሚው ነው።

ስለ ዕቃዎቹ ስም ብዙ መድከም አያስፈልግም። «ሰርቨር» እና «ዴስክቶፕ» በአፍ ገብተዋል። ሰርቨርን «አገልጋይ» ያሉት ተርጓሚዎች ቃሉ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ምን ያህል ሥራ እንደ በዛበት የዘነጉ ይመስላል፤ «አገልጋዩ ምላሽ አልሰጠም» የሚለውን የሚያነብ ምእመን ምን እንደሚያስብ እንጃ። «የርቀት» ግን የርቀት ትምህርት ካስለመደን ወዲህ ያለ ችግር ያገለግላል። የግሥ ስያሜ ላይ ጥንቃቄ ሲጓደል ምን እንደሚሆን ከኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ማየት ይቻላል። «ሕገ ወጥ ጠለፋ» የሚለው ሰምሯል፤ በመንገድ ያለን ነገር መንጠቅን ያሳያልና። «ሕገ ወጥ ደራሽነት» የሚለው ግን ባልተፈቀደለት ኮምፒዩተር ውስጥ የገባን ሰው «ደራሽ» ያሰኘዋል፤ ደራሽ ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ወይ ጎርፍ ነው ወይ ለተጨነቀ የሚደርስ ረዳት ነው። «ያልተፈቀደ መግባት» ቢባል የሚጎድል ነገር አልነበረም።

እንግዲህ የሚቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። መሣሪያው በራሱ የሚያደርገው «ምዝገባ» ይባል። ሰው ያን መዝገብ በየጊዜው ሲያነብ «ክትትል» ይባል። ስክሪንን በቅጽበቱ መመልከት «ቀጥታ እይታ» ይባል፤ ከሥርጭት ቋንቋ ስለ ተለመደ አያስቸግርም። «ጥላ» የሚለውን የእንግሊዝኛው ምሳሌ አስከትሎ ያመጣውን ስያሜ ግን አንቀበለው፤ በአማርኛ ጥላ ከለላ ነው፣ ተመልካቹን ጠባቂ ያስመስለዋል። «ቁጥጥር» ገብቶ ለማዘዝና ለመከልከል ብቻ ይቀመጥ። ከዚህ ሁሉ ተጠናቅሮ የሚወጣው ጽሑፍ «የውሎ ዘገባ» ቢባል ይስማማል። «ዘገባ» እና «መዝገብ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ዘገበ በግእዝ ማከማቸት ነውና። «ሪፖርት ማድረግ» ግን ሠራተኛ ለሥራ መቅረቡንም ስለሚናገር እዚህ ያደናግራል። «ውሎ» ደግሞ ከችሎት ውሎ እስከ ውሎ አበል ድረስ የቆየ ነው፤ ሰው ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈ ይናገራል፤ አይወቅስም፣ አያሞግስም።

በዚህ መሠረት ከላይ የተጠቀሰው የደንብ ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፤ «ሠራተኛው ወደ ሰርቨሩ የገባበትና የወጣበት፣ ግንኙነቱም የተቋረጠበት ሰዓት ይመዘገባል። መዝገቡን የቅርብ አለቃው በየወሩ ይከታተላል፤ የውሎ ዘገባም ለሠራተኛው ግልባጭ ተደርጎ ይጻፋል። ያለ ሠራተኛው ፈቃድ ቀጥታ እይታ አይደረግም።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር «አይደረግም» ይሁን ወይስ «ሊደረግ ይችላል» የድርጅቱና የሠራተኛው ማኅበር ክርክር ነው፤ የመዝገበ ቃላት ክፍል አይገባበትም።